ለታፔላ ሥራ የቱ ይሻላል? ኮሬል፣ ኢሉስትሬተር ወይስ ኢንክስኬፕ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው ያለሁት። ግራፊክስ የተማርኩት በኢሉስትሬተር ነው። አሁን ትንሽ የታፔላና የስቲከር ቤት ልከፍት ነው። 60 ሳንቲሜትር የሚቆርጥ የቻይና ካቲንግ ፕሎተር ገዝቻለሁ። ባነር አዲስ አበባ ልኬ አሳትማለሁ። ወደፊት ሌዘር ማሽን የማስገባት ሐሳብ አለኝ። እዚህ ያሉ የሙያው ሰዎች «ያለ ኮሬል ታፔላ አይሠራም» ይሉኛል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ «ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ) አትጫኚ፣ ኢንክስኬፕ ነፃ ነው» ይለኛል። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም አለው። የቱን ልያዝ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። አሁን በኢንክስኬፕ ጀምሪ። ኮሬልን የሚጠይቅ ሌዘር ስታስገቢ ወይም ደንበኛ በፍላሽ የኮሬል ፋይል ይዞ መምጣት ሲያበዛ ኮሬልን ገንዘብ ከፍለሽ ግዢ። ኢሉስትሬተርን ለጊዜው ተዪው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

ሦስቱም ፕሮግራሞች የሚሠሩት ያንኑ ነው። ነጥብ ታስቀምጪያለሽ፣ ነጥቦቹን በመስመርና በከርቭ ታያይዣለሽ፣ ቀለም ትሞያለሽ። በኢሉስትሬተር ፔን ቱል የሠለጠነ እጅ ሌሎቹንም ቶሎ ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ የሚያናድድሽ የአቋራጭ ቁልፎቹ መለያየት ነው። ዋናው ልዩነት የሚታየው ፋይሉ ከኮምፒውተርሽ ሲወጣ ነው። ፕሎተሩ ምን ይቀበላል? ባነር የሚያትመው ልጅ ምን ይከፍታል? ሌዘሩ ምን ያነባል? የታፔላ ሰው ፕሮግራም የሚመርጠው ከማሽኑ ተነሥቶ ነው። የትኛው «ፕሮፌሽናል» ነው የሚለው ክርክር ለሻይ ሰዓት ይቆይ።

የሐዋሳ ሰዎች አልዋሹሽም። ኮሬልድሮው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የሠራው ኩባንያ መቀመጫው ኦታዋ፣ ካናዳ ነው። ኢሉስትሬተር በ1987 ቀድሞ ወጥቷል፣ ግን ለማኪንቶሽ ነበር። ኮሬል ከጅምሩ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ስቲከር መቁረጫ የሚገዛ ትንሽ ሱቅ ደግሞ ማኪንቶሽ አይገዛም፤ ርካሽ ፒሲ ነው የሚገዛው። ማሽን ሻጮችም ፕለጊናቸውን (ፕሮግራሙን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን ተጨማሪ) ለኮሬል አዘጋጁ። አንዱ ከሌላው እየተማረ ሙያው በኮሬል ቆመ። በብዙ አገር ያለው የታፔላ ገበያ እንዲህ ነው፤ የእኛ ብቻ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። የኮሬል ገጽ እስከ 45 ሜትር ድረስ ይዘረጋል። የኢሉስትሬተር አርትቦርድ (የመሥሪያ ገጽ) ግን ለረጅም ዘመን ከ5.78 ሜትር አያልፍም ነበር። የ8 ሜትር ባነር በልኩ መሥራት አትችዪም ማለት ነው። የኢሉስትሬተር ባለቤት አዶቤ ይህን ገደብ አሥር እጥፍ ያሰፋው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እስከዚያ ድረስ የኢሉስትሬተር ሰዎች በአንድ አሥረኛ እየሠሩ ነበር የሚልኩት። በእውነቱ ይህ አሠራር ዛሬም አይከፋም። በ1:10 ከሠራሽ ግን በፋይሉ ስም ላይ ጻፊው። ካልጻፍሽ ማተሚያ ቤቱ የ8 ሜትሩን ባነር 80 ሳንቲሜትር አድርጎ ያትምልሻል። ጥፋቱም የአንቺ ነው የሚሆነው።

ወደ ገንዘቡ ልግባ። አዶቤ ከ2013 ጀምሮ አዲሱን ኢሉስትሬተር የሚሰጠው በኪራይ ብቻ ነው። አንዴ ከፍለሽ የአንቺ የሚሆነው የመጨረሻው እትም በ2012 የወጣው ሲኤስ6 ነበር። ኪራዩ በዶላር ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ዶላሩ ባይጨምርም አንቺ የምታወጪው ብር ይጨምራል። በዚያ ላይ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ክፍያው አንድ ወር ከተቋረጠ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽም ቢሆን ይቆማል። ኮሬል ኪራይም አለው፣ አንዴ ከፍለሽ የምትይዢውም አለው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ግን አንዴ ነው። ወንድምሽ ውጭ ስላለ ሊገዛልሽ ይችላል፤ ስጦታ ካሰበ ይህን ንገሪው።

ክራክን በተመለከተ ወንድምሽ ልክ ነው። የእኔ ምክንያት ግን ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። ክራኩ መጀመሪያ የሚልሽ «አንቲቫይረሱን አጥፊ» ነው። አጥፍተሽ የማይታወቅ ሰው የሠራውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ታስነሺያለሽ። የደንበኞችሽ ፋይል፣ የባንክ አፕሽ፣ የቴሌግራም አካውንትሽ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮሬልም ሕጋዊ አለመሆኑን ሲያውቅ ሴቭ ማድረግና ማተም ይከለክላል። ይህ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ በበዛበት ቀን ነው። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። «ማን ይጠይቀኛል» ብለሽ ይሆናል። መንገድ ላይ ታፔላ ሰቅለሽ የምትሠሪ ሰው ነሽ፤ ተደብቀሽ አይደለም።

አሁን ኢንክስኬፕ። ፕሮጀክቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። 1.0 የሚል ቁጥር ለማግኘት እስከ 2020 ጠብቋል። ነፃ ነው ሲባል የሙከራ ጊዜ አይደለም፤ ለንግድ ብትጠቀሚበትም የሚጠይቅሽ የለም። በ8 ጂቢ ራም ያለ ችግር ይሠራል። የሚያጓትተው ሁለት ቦታ ነው፦ ጥላና ብዥታ የሞላበት ዲዛይን ላይ፣ እና በትሬስ (ፎቶን ወደ መስመር በሚቀይረው ትዕዛዝ) የመጣ ሺህ ነጥብ ያለው ሥዕል ላይ።

ሰዎች ኢንክስኬፕን የሚተቹበት ትልቁ ነገር ቀለም ነው። የሚሠራው በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም ነው፤ ሲኤምዋይኬ፣ የማተሚያ ቀለም፣ የለውም ማለት ይቻላል። ትችቱ እውነት ነው። ግን የአንቺን ሥራ እይ። ስቲከር ስትቆርጪ ቀለሙ የሚመጣው ከጥቅልሉ ነው። ቀይ ስቲከር ከጫንሽ ቀይ ይወጣል። ፕሎተሩ የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው፤ በስክሪን ላይ አረንጓዴ ብታደርጊውም ግድ የለውም። ስለዚህ ለመቁረጥ ሥራ ይህ ጉድለት ዜሮ ነው። የሚያሳስብሽ ባነር ስታሳትሚ ነው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ፕሎተሩ። ርካሾቹ የቻይና ፕሎተሮች በአብዛኛው የሚረዱት ኤችፒጂኤል የሚባለውን የድሮ የፕሎተር ቋንቋ ነው። ፋይሉ ፒኤልቲ ተብሎ ይቀመጣል። ኢንክስኬፕ ይህን ኤክስፖርት ያደርጋል። ኤክስቴንሽን ከሚለው ሜኑ ውስጥ በቀጥታ ወደ ፕሎተሩ መላክም ይቻላል፤ ትክክለኛውን ፖርትና ፍጥነት ማስገባት ብቻ ነው። ከማሽኑ ጋር አርትከት የሚባል ፕሮግራም መጥቶልሽ ከሆነ ፒኤልቲውን እዚያ ከፍተሽ ቁረጪ። አርትከት ላይ ግን ዲዛይን አትሥሪ። የእሱ ሥራ ፋይሉን ወደ ቢላው ማድረስ ብቻ ይሁን።

ማሽኑን እንደሰካሽ የመጀመሪያ ሥራሽ ይህ ይሁን። 100 በ100 ሚሊሜትር ካሬ ሥሪ። ቁረጪው። በማስመሪያ ለኪ። 100 ከሆነ ጨርሰሻል። ካሬውን ከኢሉስትሬተር በኤስቪጂ ፋይል አምጥተሽው 75 ከሆነ ችግሩ ከማሽኑ አይደለም። ኢሉስትሬተር ኤስቪጂ ሲያወጣ አንድ ኢንች 72 ፒክስል ነው ይላል፤ ኢንክስኬፕ ደግሞ 96 ነው ብሎ ያነባል። ስለዚህ ከኢሉስትሬተር የመጣ 1 ሜትር ሥራ ኢንክስኬፕ ላይ 75 ሳንቲሜትር ሆኖ ይከፈታል። ከ2017 በፊት በነበሩት የኢንክስኬፕ እትሞች ደግሞ ቁጥሩ 90 ነበር፤ የድሮ ፋይል ከፍተሽ ልኩ ትንሽ ካነሰ ምክንያቱ ይህ ነው። አንቺ የትምህርት ጊዜ ሥራዎችሽ በኢሉስትሬተር ስለሆኑ ይህ እንዳይሸውድሽ። ከኢሉስትሬተር ስታሻግሪ በፒዲኤፍ አሻግሪ። ፒዲኤፍ ልኩን ይዞ ይመጣል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት አውትላይን ነው። ሎጎ በትንሹ ትሠሪያለሽ፣ ዙሪያውን ወፍራም መስመር ታደርጊለታለሽ። ከዚያ ወደ 4 ሜትር ትስቢዋለሽ። ፊደሉ ያድጋል፤ መስመሩ ግን ክር አክሎ ይቀራል። በሦስቱም ፕሮግራም «መስመሩም አብሮ ይደግ» የሚል ምርጫ አለ። ኮሬል ላይ አብሮ እንዲያድግ ራስሽ ማብራት አለብሽ። የተሻለው ግን መስመሩን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው። ፕሎተርም አውትላይን አያውቅም፤ የወፍራሙን መስመር መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል።

ተደራራቢ ቅርጽም እንደዚያው ነው። ስክሪን ላይ አንድ ሆኖ የሚታይ ሁለት ቀይ ቅርጽ ለፕሎተሩ ሁለት ነው። በተደራረቡበት ቦታ ሁሉ ቢላው ይገባል። ከመላክሽ በፊት አዋህጂው። ኮሬል ዌልድ ይለዋል፤ ኢንክስኬፕና ኢሉስትሬተርም ይህንኑ የሚሠራ ትዕዛዝ አላቸው። በነገራችን ላይ ሁሉንም ቀለም አጥፍተሽ መስመሩን ብቻ የምታዪበት የአውትላይን እይታ በሦስቱም አለ። ፕሎተሩ የሚያየው እሱን ነው። ከመቁረጥሽ በፊት እዚያ ገብተሽ አንድ ጊዜ ፈትሺ። ብዙ ስቲከር ታድኛለሽ።

ትሬስን በተመለከተ ኮሬል ይበልጣል። ደንበኛ በቴሌግራም የተጨመቀ የሎጎ ፎቶ ልኮ «ይሄን ሥሪልኝ» ይላል። ሁሌም የሚሆን ነገር ነው። የኮሬል ፓወርትሬስ ስንት ነጥብና ስንት ቀለም እንደሚወጣ እያሳየ ያስተካክላል። የኢንክስኬፑም ለጥቁርና ነጭ ሎጎ ጥሩ ነው። የኢሉስትሬተሩን ታውቂዋለሽ። ግን የትሬስን ውጤት እንዳለ ወደ ፕሎተር አትላኪ። ነጥቡ ሲበዛ ቢላው በየነጥቡ እየቆመ ይንቀጠቀጣል፣ ክቡ ድንች ይመስላል። ነጥቡን ቀንሺ፣ ክቡን በክብ ተኪ፣ ቀጥታውን በቀጥታ መስመር ተኪ። እኔ ሎጎው ቀላል ከሆነ ትሬስ አላደርግም፤ ፎቶውን ከሥር አድርጌ በፔን ቱል እንደገና እሠራዋለሁ። ፈጣንም ንጹሕም ነው። ደንበኛውንም «ፎቶ ሳይሆን በፋይል ላክልኝ» በዪው፤ ቴሌግራም የሚጨምቀው በፎቶ የተላከውን ነው።

አሁን ማንም ወደማይነግርሽ ነገር ልምጣ፦ የግዕዝ ፊደል። የውጭ አገር ማነጻጸሪያዎች ይህን አይነኩትም። እኔ ግን ከፕሮግራሙ በላይ ታፔላሽን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ይህ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ የፎንቱ ዓይነት። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዘው ነበር አማርኛ የሚያሳዩት። ብዙ የታፔላ ቤት ዛሬም እነሱን ይጠቀማል፤ መልካቸው ስለሚያምር። ችግሩ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ነው። «ምግብ ቤት» የነበረው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናል። አታሚው አማርኛ መሆኑንም ላያውቅ ይችላል። በየትኛውም ፕሮግራም ብትሠሪ ከመላክሽ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ ቀይሪ። ኮሬል ላይ ኮንትሮል እና ኪው ነው። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ። ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ሲ። ከርቭ ከማድረግሽ በፊት ግን ሌላ ቅጂ አስቀምጪ። ደንበኛ ስልክ ቁጥሩን መቀየሩ አይቀርም፣ ከርቭ የሆነ ቁጥር ደግሞ በኪቦርድ አይስተካከልም።

ለአዲስ ሥራ በዩኒኮድ ጀምሪ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፤ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ድረስ ብዙ ውፍረት አለው። ለታፔላ ደኅና ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ኒያላ ለመጽሐፍ ያምራል፤ ለታፔላ ግን ቀጫጭን ክፍሎቹ ከሩቅ ይጠፋሉ፣ በትንሽ ልክ ሲቆረጡም ይበጠሳሉ።

«ፎቶ ቤት» የሚለውን ጻፊና እዪው። ቶ አናቱ ላይ ቀለበት አለው። ቤ እግሩ ሥር ቀለበት አለው። ፊደሉ 30 ሳንቲሜትር ሲሆን ምንም ችግር የለም። የመኪና በር ላይ 3 ሳንቲሜትር ስታደርጊው ግን የቀለበቱ ቀዳዳ ሚሊሜትሮች ብቻ ይሆናል። ትርፉን ስቲከር ስትልጪ ቀለበቱ አብሮ ይነሣል። በሲኤንሲ (በሚሽከረከር መቁረጫ በሚቀርጽ ማሽን) ከሆነ ደግሞ ይብሳል። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ቀዳዳ አይገባም። የውስጥ ማዕዘንንም ቢያንስ በ1.5 ሚሊሜትር ያድቦለቡላል። ስለዚህ ፊደሉን ከርቭ ካደረግሽ በኋላ ቀለበቱን በኖድ ቱል (በነጥብ ማንቀሳቀሻው) ትንሽ ከፈት አድርጊው። ማንም አያስተውልም፣ ሥራው ግን ይወጣል። ይህን የኖድ ሥራ ኮሬል ላይ መሥራት በጣም ይመቻል። ኢንክስኬፕም አያንስም። በእኔ ዓይን በዚህ የሚያንሰው ኢሉስትሬተር ነው፤ ነጥብ ለመምረጥ፣ ለመጨመርና ለመቀየር ቱል መለዋወጥ ያበዛል።

ብረት ወይም አሉኮቦንድ (የአሉሚኒየም ሰሌዳ) በስተሽ የምትቆርጪ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ ውስጣቸው ዝግ ነው። ስትቆርጪያቸው መሃሉ ወድቆ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። መሃሉን ከዙሪያው ጋር የሚይዝ ድልድይ ማድረግ አለብሽ። እንደ መ ሁለት ዝግ ቦታ ላለው ፊደል ለሁለቱም ነው። ይህን የሚያደርግ የአማርኛ ፎንት ከመፈለግ፣ ቀጭን አራት ማዕዘን አስቀምጠሽ ከፊደሉ መቀነስ ይፈጥናል። በሦስቱም ፕሮግራም የሚሠራ ነገር ነው።

አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስታደርጊ በፖይንት አትመሪ። ሁለቱም 200 ፖይንት ቢሆኑ እንኳ ቁመታቸው እኩል አይመጣም። ከርቭ አድርገሽ በሚሊሜትር አስተካክዪ። የሙያው የድሮ ልክ አለ፤ ለ3 ሜትር ርቀት ወደ 2.5 ሳንቲሜትር የፊደል ቁመት ይላል። ከመንገድ ማዶ በ30 ሜትር ለሚነበብ 25 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ልኩ ለላቲን ፊደል የወጣ ነው። የእኛ ፊደል ዝርዝሩ ስለሚበዛ እኔ ሁልጊዜ ከዚያ ከፍ አደርጋለሁ። ደንበኛው ታፔላው ላይ ሎጎ፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ የአገልግሎት ዝርዝርና የሥጋ ፎቶ አብሮ ሲጠይቅሽ ይህን ልክ ጥቀሺለት።

ባነር። አዲስ አበባ ወዳለው ማተሚያ ቤት ደውለሽ በምን ፎርማት እንደሚፈልጉ ጠይቂ። የባነር ማሽኑን የሚያዘው ሪፕ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ሜይንቶፕ ወይም ፎቶፕሪንት ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ቲፍ ወይም ጄፔግ ይጠይቃሉ፣ ፒዲኤፍም የሚቀበሉ አሉ። ኢንክስኬፕ ሦስቱንም ያወጣል። ፎቶ ያለበት ባነር በሙሉ ልኩ 100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 100 ነጥብ) ይበቃዋል፤ ለትልልቁ 72ም ይሆናል። 300 አድርገሽ ፋይሉን አታክብጂ፣ በኢንተርኔት መላኩ ራሱ መከራ ነው። ጠርዙ ላይ ለማጠፊያና ለማንጠልጠያው ቀለበት 5 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ተዪ።

ቀለሙስ? ከኢንክስኬፕ የሚወጣው አርጂቢ ነው፤ ወደ ቀለም የሚቀይረው ሪፑ ነው። ለሱቅ ባነር ይህ ይበቃል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ግን ሲታተም እንደሚደበዝዝ አስቀድመሽ እወቂ። የድርጅት ቀለም በትክክል መምጣት ያለበት ሥራ ከመጣ፣ ለምሳሌ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ኢንክስኬፕ ላይ አትሞክሪው። እዚያ ኮሬል ወይም ኢሉስትሬተር ያስፈልጋል። የማስታወቂያ ድርጅቶች የሎጎ ፋይልና መመሪያ የሚልኩት በአብዛኛው በኢሉስትሬተር ነው። ደንበኞችሽ እነሱ ከሆኑ የኪራዩ ዋጋ ይመለሳል። ለጀማሪ የሐዋሳ ስቲከር ቤት ግን ይህ ገና ነው። አዶቤ በ2022 መጨረሻ አብዛኛውን የፓንቶን (በቁጥር የሚታወቁ መደበኛ ቀለሞች) ስብስብ ከፕሮግራሙ እንዳወጣም እወቂ። ለስቲከር ሥራ ከፓንቶን ይልቅ የስቲከር አስመጪው የቀለም ናሙና ካርድ ይጠቅምሻል። ጠረጴዛሽ ላይ ይኑር፤ ደንበኛው ጣቱን ያድርግበት።

የፋይል መለዋወጥ ኮሬልን ለመግዛት የሚያስገድድሽ ትልቁ ምክንያት ነው። አካባቢሽ ያለው ሰው ሁሉ በሲዲአር፣ በኮሬል ፋይል፣ ያስቀምጣል። ኢንክስኬፕ ሲዲአር ይከፍታል፣ ግን ሁሌ አይታመንበትም። ግራዲየንት (ቀስ እያለ የሚለወጥ ቀለም) ይበላሻል፣ ጽሑፍ ይፈናቀላል። ኢሉስትሬተርም በሲዲአር አይታመንም። ኮሬል ራሱ በአዲሱ እትም የተቀመጠ ፋይልን በአሮጌው አይከፍትም፤ ሲቀመጥ ዝቅ ያለ እትም መምረጥ ያስፈልጋል። ለጊዜው ያለሽ መፍትሔ «ከርቭ አድርገህ በፒዲኤፍ ላክልኝ» ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪው። ኢሉስትሬተር ፋይል ከመጣልሽ አትጨነቂ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፒዲኤፍ አብሮ ስለሚቀመጥ ኢንክስኬፕ ይከፍተዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። አፊኒቲ ጥሩ ፕሮግራም ነው። ካንቫ በ2024 ገዝቶት በ2025 ነፃ አድርጎታል። የሲኤምዋይኬ ሥራው ከኢንክስኬፕ ይሻላል። ከፕሎተር ጋር ግን በቀጥታ አይነጋገርም፤ ለባነር ዲዛይን ብቻ ብትጭኚው አልቃወምም። ፍሌክሲሳይን ለታፔላ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። ዲዛይኑን፣ መቁረጡን፣ ማተሙን በአንድ ይይዛል። የራስሽን የባነር ማተሚያ እስክታስገቢ ድረስ ዋጋው አያዋጣሽም። ካንቫ ራሱ? ደንበኛ ይዞት ይመጣል እንጂ አንቺ አትሥሪበት።

ሌዘሩ ላይ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ብዙዎቹ የቻይና ሌዘር ማሽኖች ሩይዳ የሚባል ካርድ አላቸው፤ አብሯቸው የሚመጣው ፕሮግራም አርዲወርክስ ነው። አርዲወርክስ ከኮሬል ጋር የሚያያዝ ፕለጊን አለው፤ ከኮሬል ሳትወጪ ወደ ሌዘሩ ትልኪያለሽ። የኢሉስትሬተር ፋይልም ይቀበላል፣ ግን በጣም የድሮውን እትም፣ 8ን ነው የሚወደው። ከኢንክስኬፕ የምትልኪው በዲኤክስኤፍ (የመስመር ፋይል ዓይነት) ነው። ይሠራል። ስታወጪ መለኪያውን ሚሊሜትር ማለትሽን አረጋግጪ፣ ከፍተሽም ለኪው። ላይትበርን የሚባለውን ፕሮግራም ከገዛሽ ደግሞ የኢንክስኬፕን ኤስቪጂ እንዳለ ያነባል። ያን ጊዜ ኮሬል የግድ አይሆንም፤ ላይትበርን ከኮሬል በጣም ይረክሳል።

አንድ የደኅንነት ነገር፣ ከፕሮግራም ጋር ባይያያዝም። ስቲከርና የታፔላ ፎም ቦርድ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በሌዘር አይቆረጥም። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ለሌዘር አክሬሊክና እንጨት፣ ለፎም ቦርድ ሲኤንሲ።

ስለዚህ ሌዘሩን ከመግዛትሽ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቂው። ካርዱ ሩይዳ ነው ወይስ ሌላ? ላይትበርን ይቀበላል? ሩይዳ ከሆነና ላይትበርንን ከተቀበለ ኢንክስኬፕና ላይትበርን ይዘሽ መቀጠል ትችያለሽ፤ ኮሬሉ ለደንበኛ ፋይል ሲባል ብቻ ይመጣል። ሌላ ካርድ ከሆነ ግን ከነፕለጊኑ በኮሬል ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ የኮሬሉን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምረሽ ተደራደሪ።